መካነ መቃብርና ጠባቂው

«መካነ ሰላም» እና «መካነ መቃብር» የሚሉትን ሁለት ስሞች አስተያዩ። «መካን» በግዕዝ ቦታ ማለት ነው፤ መውለድ የማይችል ከሚለው «መካን» ጋር አይምታታባችሁ። ስለዚህ አንደኛው የሰላም ቦታ፥ ሁለተኛው የመቀበሪያ ቦታ ማለት ይሆናል። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ደጋ ደግሞ መካነ መቃብር በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፥ ከጽድና ከወይራ ጥላ ሥር ይገኛል።

ይህ ምድር ነገሥታትም የተቀበሩበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1468 እስከ 1478 የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያም በተባለችው ቤተ ክርስቲያን የቀደሙትን ነገሥታት አፅም አሰባሰቡ፤ እርሳቸውም በዚያው ተቀበሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተቃጠለች። ከጦርነቱ በኋላ የሕዝብ ፍልሰት ተከተለ፤ ቦረና የሚለው የኦሮሞ ጎሣ ስም የዚያ ዘመን ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1559 በጦር ሜዳ የወደቁት ዐፄ ገላውዴዎስ ደግሞ በጎረቤቱ ሳይንት በተድባበ ማርያም ተቀበሩ። ተድባበ ማርያም እስከ ዛሬ ካህናትና ምእመናን አሏት፤ ስለዚህ ታሪኳን የሚናገርላት አላጣችም።

የገበሬው መቃብር ግን ብዙውን ጊዜ ስም አይጻፍበትም፤ ምልክቱ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ታዲያ ጠባቂው ማን ነው? በወሎ የቀብር ማኅበር «ቅሬ» ይባላል። ሰው ሲሞት የቅሬው አባላት ሥራቸውን ትተው መቃብር ይቆፍራሉ፤ አስከሬን ይሸከማሉ፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። በብዙ ቦታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የአንድ ቅሬ አባላት ናቸው። ክርስቲያኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፥ ሙስሊሙ መካ ወዳለችበት ወደ ሰሜን አድርጎ ይቀበራል፤ ሸኚዎቻቸው ግን እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው።

እንግዲህ መቃብርን የሚያስታውስ በዙሪያው የሚኖር ሰው ነው። ክምሩ የማን እንደሆነ የሚያውቁት አረጋውያን ሲያልፉ፥ መቃብሩ ተራ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ እናንተ በአጥቢያችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ቦታውንና ዘመኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አስፍሩ።