ማንን እንጠይቅ? መተማመንና የተማሪዎች የመረጃ ፍለጋ

እንደሚታወቀው አሳይንመንት ሲሰጠን ብዙዎቻችን ቀድመን የምንሮጠው ወደ ጓደኛ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት በኋላ ይደርሳል። «ስሚ፣ ይሄ ነገር ገብቶሻል?» እንባባላለን። አንዱ ሀንድአውት ያመጣል፣ ሌላዋ ከሲኒየር የድሮ ፈተና ትቀበላለች፣ ሦስተኛው ቴሌግራም ላይ መጽሐፍ ይፈልጋል። ማታ ዶርም ውስጥ ሁሉም ያገኘውን ያዋጣል። ይህ በጋራ መረጃ የመፈለግ ልማድ ዛሬ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ራሱን ችሎ የሚጠና ጉዳይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ፍለጋውን ከጀርባ ሆኖ የሚመራውን ነገር፣ ማለትም መተማመንን፣ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ አንድን ሰው የምናምነው ለምንድን ነው? ሜየር፣ ዴቪስና ሾርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ምክንያቶችን ያስቀምጣሉ። አንደኛው ችሎታ ነው፦ ሰውየው ነገሩን ያውቀዋል ወይ? ሁለተኛው በጎነት ነው፦ ለእኔ ደግ ያስባል ወይ? ሦስተኛው ሐቀኝነት ነው፦ በመርህ የሚመራ፣ ቃሉን የሚያከብር ነው ወይ? እነሱ የጻፉት ስለ መሥሪያ ቤቶች ቢሆንም ለግቢ ሕይወትም በደንብ ይሠራል።

እስቲ ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ተማሪዎች ከሦስቱ አብልጠን የምንመዝነው ሁለተኛውን ይመስለኛል። ምክንያቱም መጠየቅ ዋጋ አለው፤ የጠየቀ ሰው አለማወቁን ያሳያል። ክፍል ውስጥ «ሰቃይ» የሚባለው ልጅ መልሱን እንደሚያውቅ ማንም አይጠራጠርም። ግን «ይሄን እንኳን አታውቅም?» እንዳይለን ፈርተን እሱን አልፈን የዶርም ጓደኛችንን እንጠይቃለን። መምህሩ ቢሮ በር ላይ የምክር ሰዓት ተለጥፎ እያለም አንሄድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሚያሳፍረን ሰው ፊት ጥያቄያችንን እንደብቃለን። ስለዚህ ደግ ጓደኛ ትልቅ ነገር ነው። እሱ ባይኖር ብዙ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀር ነበር።

ችግሩ ደግነት ብቻውን ሲቀር ነው። ያላዋቂ ሳሚ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን! አንድ ልጅ የድሮ ፈተና ላይ በችኮላ «ሐ»ን ያከብባል እንበል። አሥር ልጆች ፎቶ ኮፒ ያደርጉታል። ከዚያ እርስ በርስ ሲያመሳክሩ ሁሉም ጋ «ሐ» ነው፤ በቃ፣ ትክክል ነው ይባላል። ይሁን እንጂ እዚህ ጋ አሥር ምስክር የለም፣ አሥር ጊዜ የተባዛ አንድ ምንጭ እንጂ። ጋዜጠኝነት ስንማር መረጃን ከሌላ ነፃ ምንጭ ጋር አመሳክሩ የምንባለው ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ወጣ ተብሎ በማኅበራዊ ድረ ገጾች ሲሰራጭ ወረቀቱ በብዙ ሰው እጅ ነበር። እውነተኛነቱ የታወቀው ግን ትምህርት ሚኒስቴር አረጋግጦ ፈተናውን ሲሰርዝ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ሠራተኞች ውስጥ መረጃ የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከ100 ወደ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት መረጃውን ያገኙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፦ የቅርብ ጓደኛዬ የሚያውቀውን እኔም አብዛኛውን አውቀዋለሁ። አዲስ ነገር ያለው ራቅ ያለው ሰው ጋ ነው።

የእኛ ግሩፕ ግን በአገር ልጅነት፣ በዶርም ወይም በቋንቋ ተቧድኖ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ይዘጋል። ዘግይታ የተመዘገበች ወይም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ የሆነ ተማሪ ውጪ ትቀራለች። የፈተና ቀን መለወጡን እንኳ መጨረሻ የምትሰማው እሷ ነች። እኛም እሷ የያዘችውን እናጣለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። እዚያ ሁሉም የሚቀመጠው ለየብቻው ነው፤ በግሩፕ የተባዛ ስህተት ግን አብሮ ይገባል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጓደኛን መጠራጠር መፍትሔ አይሆንም። «ከየት አገኘኸው?» ማለትን ግን እንልመድ፤ ይህ ስድብ አይደለም። ሾርት ኖት ስናዘጋጅ ምንጩን ጫፉ ላይ እንጻፍ። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው «እርግጠኛ አይደለሁም» ይበል፤ ሦስተኛው ምክንያት፣ ሐቀኝነት የተባለው፣ እዚህ ጋ ነው የሚታየው። እያንዳንዱ ግሩፕም ከክበቡ ውጪ ያለ አንድ ሰው ይጋብዝ።

በተለይ ለሰቃዮችና ለመምህራኖቻችን አንድ ቃል አለኝ፦ ዛሬ አንዱን ጥያቄ የምትመልሱበት ፊት ነገ የሚመጣውን ጥያቄ ይወስናል። ሳቅ ካለበት ተማሪው አይመለስም፤ የተሳሳተውን መልስ ይዞ ወደ ዶርሙ ይሄዳል።

ቸር እንሰንብት።