ከምንጩ የሚጀምር ትምህርት ቤት

ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ምሽት አንድ ኦስትሪያዊ ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው ተወራረዱ። ካርልሃይንዝ በም ይባላሉ፤ በ«ሲሲ» ፊልሞች ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ሆነው የተጫወቱት ናቸው። ውርርዳቸው ቀላል ነበር፦ ዝግጅቱን ከሚከታተለው ሕዝብ ሲሶው እንኳ በሳህል አካባቢ ለተቸገረው ሰው አንድ ማርክ ወይም አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም። ከተሸነፍኩ ራሴ አፍሪካ ሄጄ እረዳለሁ አሉ። አልተሸነፉም፤ ሲሶው አልሞላም። ያም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ፣ እሳቸውም አሸንፈው መሄዳቸውን አልተዉም። ጥቅምት 1974 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ፤ ኅዳር 4 ቀን «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። አዲስ አበባም በስማቸው የሚጠራ አደባባይ አላት። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ከውርርዱ በኋላ የመጣውና ለቴሌቪዥን የማይመቸው ሥራ ነው፦ አንድ የገጠር ወረዳ ገብቶ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት መክረምና ከዚያ ጓዝ ጠቅልሎ መውጣት።

መጀመሪያው ሐረርጌ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ተፈናቅለው ባቢሌ መጠለያ ውስጥ በዕርዳታ እህል ይኖሩ ለነበሩ አርብቶ አደሮች ኤረር ሸለቆ ላይ አራት መንደሮች ተቆረቆሩ። ከዚያ ወደ ኢሉባቦር፣ ቆይቶም ወደ መርሐቤቴ፣ ሚዳ፣ ደራ፣ ጊንደ በረት፣ የወሎው ቦረናና ወግዲ ሥራው ሰፋ። ቢሮው ወረዳው ውስጥ ይከፈታል፤ ሠራተኛው ከጥቂቶች በቀር ኢትዮጵያዊ ነው። ኋላ የካርል ባለቤት የሆኑትና ድርጅቱን የመሩት ወይዘሮ አልማዝም መጀመሪያ ኤረር ላይ የእንስሳት እርባታውን ሥራ የያዙ የግብርና ባለሙያ ነበሩ።

የድርጅቱ ስም ሲነሳ ፎቶ ላይ የሚወጣው ትምህርት ቤቱ ነው፦ አዲስ ቆርቆሮ፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ የተሰለፉ ልጆች። ለጋሽም የሚወደው እሱን ነው፤ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ የሚለጠፍበት ግድግዳ ይፈልጋልና። አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ማልዳ ጄሪካን አዝላ ገደል የምትወርድ ልጅ ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር የምትደርሰው ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው፤ ከናካቴው የምትቀርበትም ቀን አለ። ከውኃው ስትመለስ ደግሞ እንጨት ለቀማው ይጠብቃታል። ስለዚህ ብልህ የገጠር ልማት ትምህርት ቤቱን ለብቻው አይሠራም፤ ልጅቱን ከቤት ያስቀረውን ነገር አንድ በአንድ ይፈታል።

ምንጭ ማጎልበት ሲባል ከሩቅ ቀላል ይመስላል። ቆፍሮ የምንጩን ዓይን ማግኘት፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መክበብ፣ ውኃው እንዲጣራ ጠጠር መደልደል፣ ክዳን መግጠም፣ በቧንቧ ዝቅ ወዳለው ቦታ ማውረድ። ከታች ቦኖ ይተከላል፤ ራቅ ብሎ የልብስ ማጠቢያና የከብት ገንዳ ይሠራል፣ ከብት ምንጩን እንዳይረግጠው። ድንጋዩንና አሸዋውን የሚያቀርበው፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረው የአካባቢው ሰው ነው። ይህ ቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ላብ የፈሰሰበት ውኃ አጥር አያጣም። ከዚያ ኮሚቴ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለጥገናና ለጥበቃ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል።

ምንጩ ግን በራሱ አይቆይም፤ ከላይ ያለው ተራራ ከተራቆተ ይደርቃል ወይም ደለል ይቀብረዋል። በመሆኑም እርከኑ፣ የችግኝ ጣቢያውና ቦረቦሩን መግታቱ አብረው ይመጣሉ። ኢሉባቦር ላይ ድርጅቱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ያስለመደው የቬቲቨር ሣር የዚህ አካል ነው። ሥሩ በጥልቀት ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ጎን ስለማይስፋፋ እህሉን አይሻማም፤ በማሳ ዳር ከተተከለ ጎርፉን ያበርደዋል፣ አፈሩን ያስቀረዋል። ማገዶ ቆጣቢው ምድጃም እንዲሁ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በየአቅጣጫው ሲባክን፣ ዙሪያው የተዘጋ የእንጀራ ምድጃ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያተርፋል። የተረፈው እንጨት ዛፍ ላይ ይቀራል፤ የተረፈው ሰዓት የልጅቱና የእናቷ ነው።

የሴቶች ቁጠባና ብድርም ከትምህርት ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁለት በግ ገዝታ የምታደልብ እናት ደብተር ለመግዛት የባሏን ኪስ አትጠብቅም።

አሁን ትምህርት ቤቱ ጋ እንድረስ። በብዙ ቀበሌ አዲሱ ሕንፃ የሚተካው የጭቃ ክፍል ነው፦ ማገሩን ምስጥ የበላው፣ መስኮቱ ጠባብ፣ መቀመጫው ድንጋይ ወይም ግንድ፣ ዝናብ ሲመጣ የመምህሩ ድምፅ የማይሰማበት። አዲሱ ብርሃን አለው፣ ዴስክ አለው። እኔ ግን መጀመሪያ የምመለከተው መጸዳጃ ቤቱን ነው። ለወንድና ለሴት ካልተለየ፣ አጠገቡ ውኃ ከሌለ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ የደረሱ ልጃገረዶች በየወሩ ጥቂት ቀን መቅረት ይጀምራሉ፤ ከጥቂት ቀን ወደ ማቋረጥ ደግሞ መንገዱ አጭር ነው።

ሕንፃው ሲያልቅ ርክክብ ይደረጋል። መምህር የሚመድበው፣ ደመወዝ የሚከፍለው፣ መጽሐፍ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ጥሩ ሕንፃ መጥፎ ትምህርትን አያድንም፤ ያማረ ክፍል ያለው፣ የሒሳብ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። ይህን በለጋሹ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ከክፍሎቹ ብዛት እኩል ቢጻፍ እወድ ነበር። ሐረር ላይ ድርጅቱ ያቋቋመው የግብርናና የቴክኒክ ኮሌጅ ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ ግንቡን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ይዟል።

ሥራው ወደ ግንባታ እንዲያዘነብል ሕጉም እጁ ነበረበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ለአስተዳደር የሚወጣው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያዝ ዓላማው ገንዘቡ ችግረኛው ጋ እንዲደርስ ነበር። ይሁን እንጂ በአፈጻጸሙ የአሠልጣኝ አበልና የመስክ መኪና ነዳጅ ሳይቀር አስተዳደር ውስጥ ይቆጠር ስለነበር፣ ሲሚንቶ ማፍሰስ ኮሚቴ ከማሠልጠን ይቀል ጀመር። በ2011 እሱን የተካው አዋጅ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አውርዶ፣ አስተዳደር የሚባለውን ግን አጥብቦታል።

ከሁሉ የሚከብደው መውጣቱ ነው። መርሐቤቴን እናንሳ፤ ጀማና ወንጪት በገደል የከበቡት አገር ነው። ዓለም ከተማ ላይ ድርጅቱ ያሠራው እናት ሆስፒታል ለመንግሥት ተላልፎ ይሠራል፤ ሆስፒታል በጀትና ተጠሪ ስላለው ርክክቡ ግልጽ ነው። የመንደር ምንጭ ግን ያን የመሰለ ባለቤት የለውም። ፕሮጀክቱ እያለ ቦኖው ሲበላሽ መለዋወጫው ከፕሮጀክቱ መጋዘን ይመጣል፤ መጋዘኑ ሲዘጋ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ካጣ ደግሞ ከተማ ወርዶ በተዋጣው ገንዘብ ይገዛል። ሂሳብ ያዡ መዝገቡን በወጉ ከያዘና መዋጮው ካልተቋረጠ ውኃው በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ካልሆነ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አንስተው ወደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥም መምህሩ ስም ሲጠራ መጀመሪያ የሚጎድሉት እነማን እንደሆኑ ያውቃል።