ለኤሌክትሪክ ማግኔት መጠቅለያ የሚሆን ሽቦ ርካሽነቱ በኪሎ ዋጋ ብቻ አይታወቅም

በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ቀጭን የመዳብ ሽቦ የሚጠይቁ ደንበኞች ልዩ ልዩ ናቸው። አንዱ የተቃጠለ ሞተር ጠቅልሎ የሚያድስ ባለሞያ ነው፤ ሌላው የደወል ጥቅል በቤቱ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሦስተኛውም በባትሪ የሚሠራ ማግኔት ለትምህርት ቤት ሙከራ የሚያዘጋጅ ተማሪ ነው። ሦስቱም አስቀድመው የሚጠይቁት ርካሹን ነው። ነጋዴውም በእውነት ርካሽ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ለመንገር የሽቦውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልገዋል።

እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት ባለፈው ዓመት የደረሰውን ላስረዳ። ከአንድ አቅራቢ መዳብ ተብሎ በኪሎ የተገዛ ቀይ ሽቦ መጣልን፤ ዋጋው ከወትሮው በጣም ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ የቈዩ ደንበኛችን ተቃጥሎ የጠቈረ ጥቅል ይዘው መጡ። ሽቦውን በቢላዋ ብንፍቀው ከቀዩ ቆዳ ሥር ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነበር። አሠሪዬ ገንዘቡን መለሱላቸው፤ የቀረውንም ከመደርደሪያ አስወረዱ። የገንዘቡ ኪሳራ በመዝገብ ተጽፎ አለቀ፤ የደንበኛው እምነት ግን እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

የጉዳቱ ምክንያት እንደሚከተለው ነው። የማግኔቱ ኀይል የሚመዘነው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው አምፔር በዙሩ ብዛት ተባዝቶ ነው። ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ 100 ሜትር የመዳብ ሽቦ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ 8.8 ኦም ያህል ስለ ሆነ ከ6 ቮልት ባትሪ 0.7 አምፔር ገደማ ያሳልፋል። በዚያው ውፍረትና ርዝመት መዳብ የለበሰው አሉሚኒየም ተቃውሞው 14 ኦም ያህል ነው፤ የሚያልፈውም ከ0.45 አምፔር በታች ይሆናል። እንግዲህ ዙሩ ሳይቀነስ ማግኔቱ ብረት የሚስብበት ኀይል ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በሞተር ላይ ሲሆን ደግሞ ሥራው አስፈላጊውን አምፔር በግድ ስለሚስብ፥ ትርፉ ተቃውሞ ወደ ሙቀት ተለውጦ ጥቅሉን ያቃጥለዋል።

ይሁን እንጂ አሉሚኒየም በራሱ የማይረባ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። ቦታ በማይጠብበት ጥቅል፥ በ0.5 ሚሊሜትር መዳብ ፈንታ 0.64 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ቢጠቀለል ተቃውሞው ተመሳሳይ ይሆናል፤ ክብደቱም የመዳቡን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በስሙ ተጠርቶ፥ በሚገባው ውፍረት የተሸጠ አሉሚኒየም የታመነ ርካሽ ዕቃ ነው። ጥፋቱ በመዳብ ስም መሸጡ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ልባሱ ነው። በ1825 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጀን ያሳየው የኤሌክትሪክ ማግኔት ሽቦው ራቁቱን ስለ ነበረ ዙሮቹ እንዳይነካኩ ተራርቀው ይጠቀለሉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ሽቦውን በሐር በመሸፈን ዙሮቹን አቀራርቦና ደራርቦ ጠቀለለ። ዛሬ የሐሩን ሥራ የሚሠራው ስስ የኤናሜል ቅብ ነው። ፖሊዩረቴን የተቀባው 155 ዲግሪ የሚችለው ዐይነት ቅቡ ሳይፋቅ በጋለ ካውያ ይበየዳል፤ ስለዚህ ለቤት ሠራተኛና ለተማሪ ይመቻል። 200 ዲግሪ የሚችለው ግን ለሞተር ተስማሚ ሲሆን ጫፉ መፋቅ አለበት። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተፈታ ሽቦ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ቅቡ ከተሰነጠቀ ግን ዙሮቹ ስለሚነካኩ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ለአስመጪዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለን። «22 ቁጥር» የተባለ ሽቦ በእንግሊዝ አለካክ 0.71 ሚሊሜትር፥ በአሜሪካ አለካክ ግን 0.64 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጊዜ ውፍረቱን በሚሊሜትር መግለጥ ከክርክር ያድናል።

ዕቃ ስትረከቡ የሚከተሉትን ሦስት ምርመራዎች እንድታደርጉ እንመክራለን፤

1ኛ፤ ጫፉን ቈርጦና ፍቆ ውስጡ ቀይ መሆኑን መመልከት፤

2ኛ፤ መመዘን፤ ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ 100 ሜትር መዳብ 175 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መዳብ የለበሰው አሉሚኒየም ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤

3ኛ፤ ቁራጩን በጋዝ ነበልባል ማጋል፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ መዳብ እስከ 1085 ዲግሪ ይጸናል።

ምርመራው ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይወስድም። ሽቦው ምን እንደ ሆነ ለይቶ በደረሰኙ ላይ የሚጽፍ ነጋዴ ደንበኛውንም ራሱንም ከኪሳራ ይጠብቃል።