ለሐኪሙ ያልተነገረው ለነርሷ ይነገር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። በስደት ምድር ግን በሽታ የሚደበቀው በሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀርበውም ሰው ሳይፈልግ ያስደብቃል። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በካስልሪጅና በአካባቢው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናቶችና አባቶች የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ፣ አፍ የሚሆናቸው ብዙውን ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። እናት ሽንት መቋጠር እንዳቃታቸው በልጃቸው ፊት አይናገሩም። አባትም መታጠቢያ ቤት ውስጥ መውደቃቸውን «ልጄ ይጨነቅብኛል» ብለው ይውጡታል። ሐኪሙ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይወጣል።

ይህን ክፍተት ልትሞላ የምትችለው ነርሷ ናት። በአልበርታ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የቤተሰብ ሐኪሞች ፕራይመሪ ኬር ኔትወርክ በሚባል ማኅበር እየታቀፉ ከነርሶች፣ ከፋርማሲስቶችና ከምግብ ባለሙያዎች ጋር በቡድን መሥራት ጀመሩ። የካልጋሪን ሰሜን ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እንዲያገለግል የተቋቋመው ሞዛይክ ይባላል።

ታዲያ ነርሷ ምን ትሠራለች? የደም ግፊትን ተቀምጠውም ቆመውም ትለካለች፤ ሲነሱ ግፊቱ የሚወርድባቸው አረጋዊ ራሳቸውን አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉና። ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እግር በቀጭን ክር እየነካካች ስሜቱ መኖሩን ትፈትሻለች፤ ያልተሰማ ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የሚወስዱትን መድኃኒትም አንድ በአንድ ትጠይቃለች። እዚህ ላይ ከአገር ቤት የተላከውም፣ ከሱቅ የተገዛው ማስታገሻም መነገር አለበት። ኢቡፕሮፌንን የመሰለ ማስታገሻ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲወሰድም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ጾምም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ቢቆዩ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለነርሷ ቢነገር መድኃኒቱና ሰዓቱ ከሐኪሙ ጋር ይታያል። ዝም ማለት ግን ጾሙንም ጤናውንም አያተርፍም።

«ዋናው ሐኪም ካላየኝ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አረጋውያን አሉ። ነርስን መርፌ ከመውጋት ጋር ብቻ አያይዘው የሚያዩም ብዙ ናቸው። ዳሩ ግን ሕዝብ መሐል ገብታ የምትሠራ ነርስ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር።

ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። መድኃኒቱን ሁሉ፣ ባዶ ብልቃጡን ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በሌሊት ለሚያሳስብ ነገር 811 ቢደወል ነርስ ታነጋግራለች፤ በአስተርጓሚም መነጋገር ይቻላል። ደረት ሲጨንቅ፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ እጅ ሲዝል ግን ጊዜ ሳይባክን 911 ነው። ከቤት መውጣት ለተሳናቸው ደግሞ ሆም ኬር የሚባለው አገልግሎት ነርስ እስከ ቤት ይልካል።

እናንተም ልጆች! ወላጆቻችሁን ማድረሳችሁ ያስመሰግናችኋል። አስተርጓሚው ሲመጣ ግን ለአሥር ደቂቃ ያህል ወጣ በሉላቸው። ለእናንተ ሲሉ የዋጡትን የሚናገሩት ያን ጊዜ ነው።