የቆዩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችና የዛሬው አነጋገር

እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማርን ሁሉ አንድ ጥያቄ ያጋጥመናል። ይኸውም በታወቁት የእንግሊዝ ልብ ወለድ ታሪኮች ውስጥ ያገኘነው ፈሊጥ ዛሬም ይነገራል ወይ? የሚል ነው። እኛም ሦስት ፈሊጦችን መርጠን፥ የገጠማቸው ዕጣ ሦስት ዓይነት መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

መጀመሪያ የሞተውን እንመልከት። ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1811 ባሳተመችው «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ»፥ አንድን ወንድ ለማግባት ስለምትጣጣር ሴት ሲነገር «ቆቧን አነጣጠረችበት» እንደ ማለት ያለ ፈሊጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ሴቶች በቤት ውስጥ ቆብ ያደርጉ ነበር። ልማዱ ከቀረ በኋላ ፈሊጡም ከሰው አፍ እየጠፋ ሄዶ፥ ዛሬ እምብዛም አይሰማም።

ሁለተኛው እስከ ዛሬ የሚኖረው ነው። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው «ኤ ክሪስማስ ካሮል» መግቢያ ላይ «እንደ በር ምስማር የሞተ» የሚል ፈሊጥ አለ። ፈሊጡን የፈጠረው ግን ዲከንስ አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው «ፒርስ ፕላውማን» በተባለው ግጥም ውስጥም ይገኛል። እንዲያውም ተራኪው ራሱ የበር ምስማር ከሌላው ምስማር ይልቅ ለምን ሙት እንደ ተባለ እንደማያውቅ ይናገራል።

እንግዲህ ቆቡ ሲቀር ፈሊጡ ከሞተ፥ ምክንያቱ የተረሳው የበር ምስማር ስለ ምን አልሞተም? በእኛም ቋንቋ ዳባ የሚለብስ ሰው ጥቂት ሆኖ ሳለ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ማለታችንን አልተውንም። ስለዚህ የዕቃው መጥፋት ብቻውን ፈሊጥን አይገድልም። «ዴድ አዝ ኤ ዶርኔይል» ሲባል ሁለቱ ዋና ቃላት በአንድ ድምፅ ስለሚጀምሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ትርጉሙም ያለ ማብራሪያ ይገባል። ዕድሜ የሰጠው ይህ ይመስለናል።

ሦስተኛው ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ የተለወጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 በወጣው «ኤማ» ውስጥ፥ ሚስተር ኤልተን ከገና ዋዜማ ግብዣ ሲመለስ በሠረገላ ውስጥ ለኤማ ያደረገው ነገር «ሜክ ላቭ» በሚለው አነጋገር ተገልጿል። ያደረገው ግን ፍቅሩን በጋለ ቃል ገልጾ ለጋብቻ መጠየቅ ብቻ ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ይኸው አነጋገር ግብረ ሥጋ መፈጸምን ስለሚያመለክት፥ ያላስተዋለ አንባቢ ጨዋውን ታሪክ ነውር ያደርገዋል።

ከሦስቱ ይልቅ ለተማሪ የሚያሰጋው ይህ የመጨረሻው ነው። የሞተው ፈሊጥ እንግዳ ስለሚሆንብን መዝገበ ቃላት እንድንገልጥ ያስገድደናል፤ ሕያው የሆነውን እናውቀዋለን። ትርጉሙ የተለወጠው ግን ሳይገባን የገባን ያስመስለናል። ስለሆነም የቆየ ልብ ወለድ ስናነብ፥ የቃላትን ትርጉም ከነዘመኑ የሚያስረዳውን የኦክስፎርድ ታላቅ መዝገበ ቃላት ማየት ይገባናል፤ ይልቁንም አውቀነዋል ባልነው ቃል ላይ።