ከቅሬታ የተወለደ አገልግሎት፤ ከግሸን ንግሥ እስከ ቅዱስ እስጢፋኖስ በዓለ ሢመት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ያሉ አጥቢያዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ዘመን መለወጫው ሲቃረብ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የሰንበቴ ማኅበርተኞች ተሰብስበው ይመካከራሉ። መስከረም 16 ደመራው፣ በማግሥቱ መስቀሉ፣ መስከረም 21 ደግሞ በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረው ታላቅ በዓል አለ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ሐይቅና ውጫሌ በነዚያ ቀናት እንግዳ የማይለያቸው ከተሞች ናቸው። በዓሉ አልፎ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲመለሱ ማኅሌተ ጽጌው ይጀመራል፤ በጽጌው መካከልም ጥቅምት 17 የሊቀ ዲያቆናት ወቀዳሜ ሰማዕት የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓለ ሢመት ይውላል። ይህ ቀን በስሙ ለተሰየመው ለጥንታዊው የሐይቅ ገዳምና በዙሪያው ላሉ ምእመናን ሁሉ ልዩ ትርጉም አለው።

በነዚህ ሳምንታት ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለ ዝማሬው ተራ ብዙ እንነጋገራለን። መነጋገራችንም ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ግን ከዚያ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ነው፤ በአጥቢያችን ማዕድ ሲታደል የሚረሳው ማን ነው?

ጥያቄውን ያመጣነው ከራሳችን አይደለም። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዲያቆን የሆነው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነውና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም የምእመናኑ ቍጥር እየጨመረ በሄደ ጊዜ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ በአገሬው ዕብራውያን ላይ ቅሬታ አሰሙ። የዕለት ምግብ ሲከፋፈል የእነርሱ መበለቶች ይዘለሉ ነበርና። ሐዋርያት ቅሬታውን በሰሙ ጊዜ ያደረጉትንና ያላደረጉትን ልብ እንበል። አጉረምራሚዎቹን የአንድነት ጠላቶች ናችሁ ብለው አልገሠጹም። በጸሎት ላይ ነንና አታስቸግሩን ብለውም አልሸኟቸውም። ሕዝቡን ሁሉ ሰብስበው፣ መልካም ምስክርነት ያላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች ከመካከላቸው እንዲመርጡ አደረጉ፤ በተመረጡትም ላይ ጸልየው እጃቸውን ጫኑ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና የአንጾኪያው ኒቆላዎስ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። የተዘለሉትን መበለቶች ማዕድ የማደል ሥራ የመበለቶቹን ቋንቋ ለሚያውቁ፣ ጓዳቸውንም ለሚያውቁ ሰዎች ተሰጠ ማለት ነው። ለማዕድ አዳይነት ደግሞ መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው መፈለጉ ሐዋርያት ሥራውን እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ እንዳላዩት ያስረዳናል።

እኛ ይህን ምዕራፍ በአብነት ትምህርት ቤትም በኮሌጅም ተምረነዋል። የገባን ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስሙን በማናነሣው በአንድ አጥቢያ ለበዓል መዋያ እህልና ዘይት ለችግረኞች ሊታደል፣ የስም ዝርዝሩን የጻፍነው እኛው ነበርን። የጻፍነውም የሰበካ ጉባኤ አስተዋጽኦ ከከፈሉ ምእመናን መዝገብ ገልብጠን ነው። በእጃችን የነበረው መዝገብ እርሱ ብቻ ስለ ነበር ነገሩ ስሕተት መስሎ አልታየንም። እደላው ሊጠናቀቅ ሲል አንድ አረጋዊ አባት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ እኒያ ከዛፉ ሥር የተቀመጡት እናት ስማቸው የለም ወይ?» አሉን። እናታችን ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ነበሩ። «አባቴ፣ እርሳቸው የአጥቢያው አባል አይደሉም» ብለን መለስንላቸው። አረጋዊው ጥቂት ዝም ብለው፣ «በየማለዳው ለኪዳን የሚቆሙት ታዲያ የት ነው?» አሉና ተቀመጡ። ከመካከላችን «በበዓል ዋዜማ ነገር አያንሡብን» ያለም ነበር። ከተረፈው ለእናታችን ሰጠናቸው። የተረፈ ባይኖርስ ኖሮ?

ያን ዕለት ማንም ክፉ አልነበረም። ዝርዝሩ ግን ግፍ ሠርቶ ነበር። የኢየሩሳሌም መበለቶችም የተዘለሉት በክፋት ስለ መሆኑ መጽሐፉ አይናገርም፤ መዘለላቸውን ብቻ ይነግረናል።

የሐይቅ አበው መዝገብ

ዝርዝርና መዝገብ መንፈሳዊ ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ የሐይቅን ገዳም ታሪክ ይመልከት። አባ ኢየሱስ ሞአ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን ተቀብለው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሐይቅ መጡ። በዚያም እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያፈራውን ታላቅ ትምህርት ቤት አቆሙ፤ ዕረፍታቸውም ኅዳር 26 ይታሰባል። በስማቸው የሚጠራው፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የብራና ወንጌል በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው። በዚህ ወንጌል ውስጥ ጻድቁ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍትና ንዋያት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ይህ በሐይቅ ብቻ የተወሰነ ልማድ አይደለም። በአገራችን ጥንታውያን አድባራትና ገዳማት የመሬት ስጦታና የንብረት ዝርዝር የሚመዘገበው በወንጌል ዘወርቅ ላይ ነበር። አበው የሒሳባቸውን መዝገብ ከቃለ እግዚአብሔር ለይተው አላኖሩትም፤ ካህኑ በሚሳለመው፣ ሕዝቡም በሚሳለመው መጽሐፍ ቅጠሎች ላይ ጻፉት። ዛሬ የሙዳየ ምጽዋቱ ሒሳብ ለምእመናን ይነበብ ሲባል ቅር የሚለን አገልጋዮች ብንኖር ይህን ብናስብ መልካም ነው።

ስለ ሐይቅ ካነሣን አይቀር፣ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የዚህ ገዳም ተማሪ ነበሩ። መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን ስለ ደረሱ ስማቸውን እንጠራለን። በተማሪነታቸው ዘመን እህል እየፈጩ ገዳሙን ያገለግሉ እንደ ነበር ግን በስብከታችን ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ወፍጮ በአገራችን ለሴቶችና ለአገልጋዮች የተተወ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ይገባዋል።

ከአገራችን ውጭ ብንመለከት፣ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የምትረዳቸው መበለቶችና ደናግል በመዝገብ 3,000 እንደ ደረሱ ይመሰክራል። በእስር ያሉት፣ የታመሙት፣ እንግዶቹ ከዚህ ቍጥር ውጭ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ገቢ ግን ከአንድ መካከለኛ ባለጸጋ ገቢ የሚበልጥ እንዳልነበረ ለሰሚዎቹ ይነግራቸዋል፤ ሊያሳፍራቸው ፈልጎ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት አጥቢያውን እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ያ ዘመን የወሎ ሕዝብ በረኀብ ያለቀበት፣ የተራበው ወገን ወደዚሁ አውራ ጎዳና ወጥቶ መንገደኛውን እጁን ዘርግቶ የለመነበት ዘመን መሆኑን የአካባቢው አረጋውያን አይረሱትም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ዳግም አዩት።

ዛሬም መንገዱ እንግዳ አላጣም። ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በተሁለደሬ ወረዳ በጃሪ መጠለያ ጣቢያ ዓመታት አሳልፈዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ አስተናጋጁም ራሱ ተፈናቃይ ሆነ። እንዲህ ባለ አካባቢ «የአጥቢያው አባል» የሚለው ቃል ሊፈተሽ ይገባዋል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ ድንኳን ሥር ያስቀምጣል፤ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤት ሃይማኖት አይጠይቅም። በሞት ጊዜ የማንጠይቀውን በረኀብ ጊዜ በደጀ ሰላማችን ብንጠይቅ ከሕዝባችን ልማድ እንኳ ያነስን እንሆናለን።

ሰኞ የሚታይ ክርክር

ምጽዋት ብቻውን ግን ፍትሕ አይሆንም። በዲድስቅልያ በምእመናን መካከል የሚነሣ ክርክር ሰኞ ቀን እንዲታይ ታዝዟል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባለ ጉዳዮቹ ካልተስማሙ እስከ ሰንበት ድረስ ነገሩን የሚመረምሩበት ጊዜ እንዲኖርና በሰንበት ታርቀው ወደ ቍርባን እንዲቀርቡ ነው። ይኸው መጽሐፍ ጳጳሳት ድሃውን ከሚበድሉ ሰዎች መባ እንዳይቀበሉ፣ መበለቶችንም በግፍ ገንዘብ እንዳይመግቡ ያስጠነቅቃል። የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ስንሰበስብ ይህን አንቀጽ የምናነብ ስንቶቻችን ነን?

ሽምግልና በወሎ የከበረ ነው። የንስሐ አባቶችም በየቤቱ እየገቡ ያስታርቃሉ፤ በዚህ ደስ ይለናል። አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። አሠሪዋ የወራት ደመወዝ የከለከለቻት የቤት ሠራተኛ ልጅ ወደ ሽማግሌ ስትሄድ፣ «ለእመቤታችን ብለሽ ተዪው» ተብላ የምትሸኝበት ጊዜ አለ። የአባቷ ድርሻ መሬት በወንድሞቿ የተያዘባት እህትም እንዲሁ ትባላለች። ይቅርታ የክርስቲያን ግዴታ መሆኑን እናምናለን። ይሁን እንጂ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ የበደላቸውን ሰዎች ይቅር በሉኝ ብሎ ብቻ አልተወውም (ሉቃ. 19፥8)። ገንዘቡ ሳይመለስ የሚፈጸም ዕርቅ ሸክሙን ደካማው ላይ ብቻ ይጭናል። ከጥቅምት 17 በፊት ባሉት ሰኞዎች የአጥቢያ ካህናትና ሽማግሌዎች እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ተቀምጠው ቢያዩ፣ ከሚያዩትም መካከል ጉዳዩን የሚረዱ እናቶች ቢኖሩበት፣ ለሰማዕቱ ከሚቀርቡ መባዎች ሁሉ የሚያንስ አይመስለንም።

ወደ ግሸን ስንወጣ

በመጨረሻ ስለ ግሸን ጥቂት እንበል። የጌታችን ግማደ መስቀል ያረፈበት የመስቀል ቅርጽ ያለው ይህ አምባ በበዓሉ ሰሞን ከየአቅጣጫው በሚመጣ ሕዝብ ይሞላል። ጉልበት ያለው ይወጣዋል፤ አረጋውያንና ሕሙማን ግን በሰው ድጋፍ ነው የሚደርሱት። የሐይቅና የውጫሌ ወጣቶች በዚያ ዳገት ላይ ሰው በመደገፍና ውኃ በማቀበል ቢሰማሩ ታላቅ አገልግሎት ነው። በየመንገዱ ለእግረኛው ውኃና ቆሎ ይዘው የሚወጡ እናቶችም አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሽከርካሪዎችና የማደሪያ ባለቤቶች ሆይ፣ በበዓሉ ሰሞን ዋጋ እጥፍ ድርብ ሲሆን ከጉዞው የሚቀረው ባለጸጋው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ያጠራቀመችው መበለት ናት የምትቀረው። ለተሳላሚዎችም የምንለው አለ። በመስከረም የአምባሰል ገበሬ እህል ገና በማሳው ላይ ነው። በማሳው መካከል ማለፍ፣ በዳሩ ላይ ድንኳን መትከል፣ የውኃ ፕላስቲኩን ጥሎ መሄድ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ መንካት ነው። በረከት ለመቀበል ሄደን የሰው ማሳ ረግጠን እንዳንመለስ እንጠንቀቅ።

ያ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ በዚያ አጥቢያ መዝገቡ ተቀይሯል። ከአባላት ዝርዝር በኋላ ርእስ የሌለው አንድ ገጽ ባዶ ይተዋል፤ ከእደላው አንድ ሳምንት ቀድሞም ሁለት እናቶችና አንድ ዲያቆን ከኪዳን በኋላ በቅጽሩ ዙሪያ እየዞሩ ገጹን ይሞሉታል። ከዛፉ ሥር ይቀመጡ የነበሩት እናት ከሁለቱ አንዷ ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።