እውነተኛ ቃል፣ የተሳሳተ መደምደሚያ፦ በክርክር ውስጥ የሚደበቁ የአመክንዮ ሕጸጾች

በአንድ ክርክር የተነገረው እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ተናጋሪው አልዋሸም፤ ነገር ግን ካቀረበው ማስረጃ ወደ ደረሰበት ፍርድ የሚያሻግር መንገድ የለም። የሥነ አመክንዮ ሊቃውንት ይህን ጉድለት ሕጸጽ ይሉታል። ስለ ሥራ ውል፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ገንዘብ በጓደኛ ምክር በሚወሰንበት የስደት ኑሮ፣ ሕጸጹን አለማስተዋል የዓመታት ድካምን ሊያስከፍል ይችላል።

ጉዳዩ ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት 13 ዓይነት ሕጸጾችን ለይቶ ጽፏል። ሥራዎቹ ወደ ዐረብኛ ከተመለሱ በኋላም አል ፋራቢና ኢብን ሲና ርእሱን በስፋት አብራርተውታል፤ ዐረብኛው እስከ ዛሬ ድረስ «ሙጋለጣ» ይለዋል። በቀድሞው የኢትዮጵያ የ«በልሃ ልበልሃ» ሙግትም ተሟጋቾች በ«ተጠየቅ» እየተፋጠጡ ሲከራከሩ አንደበተ ርቱዕነት ትልቅ ኃይል ነበረው። ይሁን እንጂ ያማረ ንግግርና የቀና ማስረጃ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም።

ከሁሉ የሚዘወተረው ሕጸጽ ነገሩን ትቶ ሰውየውን መንካት ነው። «ውሉን ሳታስተረጉሙ አትፈርሙ» ብሎ ለሚመክር ሰው፣ «አንተ ገና ትናንት መጥተህ ምን ታውቃለህ?» የሚል መልስ ይሰጠዋል። መካሪው አዲስ መጤ መሆኑ እውነት ይሆናል፤ ያልተነበበ ውል መፈረም አደገኛ መሆኑ ግን በዚህ አይለወጥም። የተናጋሪው ማንነት የሚመረመረው ነገሩ በእርሱ ምስክርነት ላይ ብቻ ሲቆም ነው። «በዓይኔ አይቻለሁ» ለሚል ሰው ታማኝነቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የባላጋራን ቃል አጣሞ መመለስ ነው። አንዱ «ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ ይላክ» ሲል፣ ሌላው «ታዲያ ቤተሰቦቻችን ይራቡ ማለትህ ነው?» ብሎ ይነሣበታል። ማንም ያልተናገረው ቃል ተፈጥሮ ይረታል፤ የተነገረው ሳይመለስ ይቀራል። በዚያው ላይ ሌላ ሕጸጽ ታክሏል፦ ብዙ መንገድ እያለ ሁለት ምርጫ ብቻ እንዳለ ማስመሰል።

ሦስተኛው ከጥቂት ተነሥቶ ሁሉን መደምደም ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የመኖሪያ ፈቃድ ሕግን የተላለፉ ሰዎች ያለ ቅጣት ሁኔታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም ከአገር እንዲወጡ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሁለት ወር የምሕረት ጊዜ ሰጥታ፣ ኋላም እስከ ዲሴምበር 31 አራዝማዋለች። ይህ የታወቀ እውነት ነው። «ስለዚህ ሌላ ምሕረት መምጣቱ አይቀርም፤ እስከዚያ ልቆይ» የሚለው ግን ከእውነቱ የሚከተል አይደለም። ያለፈ ውሳኔ ለሚመጣው ዘመን ቃል ኪዳን አይሆንም፤ በዚህ ተስፋ የተቀመጠ ሰው ላይ ግን ቅጣቱ ይከማቻል።

የዚህ ሕጸጽ ሌላ መልክ የሚታየውን ብቻ መቁጠር ነው። ደላላ «በእኔ በኩል የሄደ ሁሉ ቤት ሠራ» ሲል ቤት የሠሩትን በስም ይጠራል። ባዶ እጁን የተመለሰውና ደመወዙን የተከለከለው ታሪኩን በአደባባይ ስለማያወራ ከቁጥሩ ይጎድላል። ሊጠየቅ የሚገባው ስንቶች እንደተሳካላቸው ብቻ ሳይሆን ከስንቶች መካከል እንደሆነ ነው።

አራተኛው አብሮ የታየን ነገር እንደ መንሥኤ መውሰድ ነው። በጣልያንኛ «ማላሪያ» መጥፎ አየር ማለት ነው። በረግረግ አጠገብ ያደረ ሰው በወባ መያዙን ሰዎች ለብዙ ዘመን አስተውለው፣ በሽታውን የሚያመጣው ከረግረጉ የሚወጣው አየር ነው ብለው ነበር። በኢትዮጵያም የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ ካገኘ በኋላ ግን ነገሩ ከአየሩ ሳይሆን ከትንኟ መሆኑ እየታወቀ መጣ። ሰዎቹ ያዩት እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ነው።

ይኸው የወባ ታሪክ አንድ ማስጠንቀቂያም ይዟል። «ከረግረግ ራቁ» የሚለው ምክር የቆመው በተሳሳተ ምክንያት ላይ ቢሆንም ምክሩ ራሱ ጠቃሚ ነበር። እንግዲህ በአንድ ሰው ክርክር ውስጥ ሕጸጽ መገኘቱ መደምደሚያው ሐሰት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በዚያ መንገድ አለመረጋገጡን ብቻ ያሳያል። የሕጸጾችን ስም አጥንቶ ባልንጀራን ለማሳፈር መጠቀም ስለዚህ ከዕውቀቱ ዓላማ ውጭ ነው። ዕውቀቱ የሚጠቅመው ማንም ሰው ከመፈረሙ፣ ገንዘቡን ከመስጠቱ ወይም ፈቃዱ ካለፈ በኋላ ለመቆየት ከመወሰኑ በፊት «የተነገረኝ ሁሉ እውነት ነው ብል እንኳ ይህ ውሳኔ የግድ ይከተላልን?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ነው። መልሱ ካልጠራለት ውሉን ለሚያነብለት ሰው ያሳያል፤ ስለ መኖሪያ ፈቃዱም ጉዳዩ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወይም ከአገሩ ቆንስላ ይጠይቃል።